ራሱ ከሚቆላው የሰፈር ካፌ የተገዛ ቡና ቤት ሲዘጋጅ ለምን ይኮመጥጣል?

የገርጂዋ፦
ሰፈራችን ቡናውን እዚያው የሚቆላ ካፌ አለ። ያልታጠበ የጉጂ ቡናቸው እነሱ ጋ በቪ60 (ወረቀት በሚገባበት ሾጣጣ ማጣሪያ) ሲጣራ አበባ አበባ ይሸታል፣ ይጣፍጣል። ያንኑ ገዝቼ ቤት ሳዘጋጀው ግን የሎሚ ውሃ ነው። የምጠቀመው 15 ግራም ቡና ለ250 ግራም ውሃ ነው። ከረጢቱ 94 ዲግሪ ስለሚል ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወርዶ ያልቃል። ከተቆላ 4ኛ ቀኑ ነው። ካፌው ስሄድ ምን ልጠይቅ? ቀሪውን በጀበና ባፈላውስ?

ሚዛን ያዥ፦
ያቺን አንድ ደቂቃ ተያት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 94 የሚባል ነገር ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የለም። ከፈላ በኋላ ስታቆዪው ደግሞ ከ90 በታች ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ማጣሪያ ሲነካ ይብስበታል። ብዙ ሳይጠቁር የተቆላ ፍሬ ጠንካራ ነው፤ ኮምጣጣው ቶሎ ይወጣል፣ ጣፋጩ ግን ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል።

ወረቀቱንና ማጣሪያውን በፈላ ውሃ አሙቂ፣ ከዚያ ውሃው እየተንተከተከ አፍስሺ። መጀመሪያ 45 ግራም አድርገሽ 40 ሰከንድ ጠብቂ፣ ቀሪውን በሦስት ዙር ጨምሪ። አሁንም ከኮመጠጠ በሚቀጥለው አድቅቀሽ ፍጪ። ጠቅላላው 3 ደቂቃ አካባቢ ቢፈጅ ጥሩ ነው። 4 ደቂቃ አልፎ ምላስ የሚያደርቅ ምሬት ከመጣ አበዛሽው፣ ትንሽ አሻክሪ።

ቆሊው፦
በውሃው እስማማለሁ፤ ግን 4 ቀንም ገና ነው። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጥ የታመቀው ጋዝ ውሃውን ስለሚገፋው ዱቄቱ እኩል አይርስም። ለፊልተር፣ ማለትም እንደ አንቺው በወረቀት ለሚጣራ ቡና፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ይረፍ፤ ቫልቭ ባለው ከረጢቱ፣ ከፍሪጅ ውጭ።

ካፌው ውስጥ የተቆላበትን ቀን፣ ለፊልተር ነው ወይስ ለኤስፕሬሶ የተቆላው የሚለውን፣ እነሱ ራሳቸው በስንት ግራምና በስንት ደቂቃ እንደሚያወርዱት ጠይቂ። ደህና ባሪስታ ይህን አይደብቅም። አስፈጭተሽ ግን አትውሰጂ። ሌላ ጊዜ አዲስ ቡና ስትገዢ ጥቂት ፍሬ ነጭ ሳህን ላይ በትኚ። ያልታጠበ ቡና ውስጥ ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎች ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ምንም አይደለም፣ ከበዙ ግን ቡናው ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ሙቀት በዝቶበታል። ውጭው ቡናማ ሆኖ ሲነከስ እንደ ጥሬ እህል ከጠነከረና ገለባ ከሸተተ ውስጡ አልበሰለም፤ ይህን የትኛውም አፈላል አያድነውም። የአንቺው ግን እዚያው ሲጠጣ ጥሩ ስለሆነ ቆሊው ላይ አትፍረጂ።

ስኒ ሦስተኛ፦
በጀበና አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። ፍላቱ ብዙ ስለሚያወጣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። ኪሳራው መዓዛው ላይ ነው፤ አበባው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ለጉጂ የከፈልሽው ያሳዝናል። ካፈላሽው ለግማሽ ሊትር 30 ግራም በደቃቁ ፍጪ፣ ገንፍሎ ሲወጣ አውርጂና ዱቄቱ እንዲሰክን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ አስቀምጪው። ለጀበና ብቻ ከሆነ ግን ርካሹን የሊሙ ወይም የጅማ ቡና ጠየም አድርገው እንዲቆሉልሽ ጠይቂ። ትንንሽ ቆሊዎች ከሚቀጥለው ዙር ላይ አንድ ኪሎ ለይተው ለማቆየት ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።