«ብርቅዬ» ወይስ «ከደሴቲቱ በቀር የትም የማይገኝ»? በአንድ የተራራ ሣር መግለጫ ውስጥ ያሉ ቃላት

ሰርዶ፦ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሬዩኒዮን ደሴት ላይ የሚበቅለውን የተራራ ሣር፣ ናስቱስ ቦርቦኒከስን፣ የሚገልጽ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሦስት ነገር ያዘኝ። «ኤንደሚክ» (ከአንድ ቦታ በቀር የማይገኝ) የሚለውን «ብርቅዬ» ልበለው? «ቦርቦኒከስ» ከየት መጣ? የአገዳውንና የቅጠሉን ክፍሎችስ ምን ብለን እንጥራቸው?

መቃ፦ «ብርቅዬ»ን ተወው። ብርቅዬ ቁጥሩ ያነሰ፣ እንደ ልብ የማይገኝ ነው። ኤንደሚክ ግን የቦታ ጉዳይ እንጂ የብዛት አይደለም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የለም፤ ስሜን ላይ ግን መንጋው ሜዳውን ሞልቶ ሣር ሲነጭ ታገኘዋለህ። ዋልያ ሁለቱንም ነው፤ ከዚያ ውጭ የለም፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። የቱሪዝም ጽሑፎች ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለው አስለመዱን። ያንተ ሣር ከ1,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ባለው እርጥብ ደን ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ወደ ሮሽ ኤክሪት ተራራ (2,276 ሜትር) የሚወጣ መንገደኛ በመሀሉ ነው የሚያልፈው። «ብርቅዬ ሣር» ብለህ ብትጽፍ አንባቢው ሊጠፋ የተቃረበ ይመስለዋል። «ከሬዩኒዮን በቀር የትም የማይገኝ» በለው። ቢረዝምም ይርዘም።

ወለላ፦ «ሀገር በቀል»ም አይተካውም። ኮሶ ሀገር በቀል ነው፣ ነገር ግን ኬንያና ታንዛኒያም አለ። ሀገር በቀል የሚባለው እንደ ባሕር ዛፍ ሰው ያላመጣው ለማለት ነው። የሕክምናው «ኤንደሚክ» ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ወባ ለአንድ ቆላ ኤንደሚክ ናት ሲባል እዚያ ሰፍና ኖራለች ማለት ነው እንጂ ሌላ ቦታ የለችም ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሁለቱ ሙያዎች አንድ ቃል አትፈልግ።

ደጋማው፦ ወደ ስሙ ልግባ። ሬዩኒዮን ከ1649 ጀምሮ ቡርቦን ትባል ነበር፤ በፈረንሳይ ነገሥታት ቤት ስም። የዕፅዋት ሊቁ ግሜሊን ሣሩን ናስቱስ ቦርቦኒከስ ብሎ ስም ያወጣለት በ1791 ነው፤ የደሴቲቱ ስም የተቀየረው በ1793። በዕፅዋት አሰያየም ደንብ የቦታው ስም ስለተለወጠ የዕፁ ስም አይለወጥም። የቡርቦን ቡናም ስሙን ያገኘው ከዚችው ደሴት ነው፤ ዘሩ ከየመን የተወሰደው በ1715።

የሁለተኛው ቃል መድረሻ ግን በመጀመሪያው ቃል፣ ማለትም በወገኑ (ጂነስ) ስም፣ የላቲን ሰዋስው ጾታ ይወሰናል። ናስቱስ ተባዕታይ ስለሆነ «ቦርቦኒከስ» ተባለ። የቡናው ወገን ኮፊያ አንስታይ ስለሆነች «አራቢካ»፣ የስንዴው ወገን ትሪቲከም ደግሞ ተባዕታይም አንስታይም ያልሆነው ሦስተኛው ዓይነት ስለሆነ «ትሪቲከም ኤስቲቨም» ይባላል። «ናስቱስ ቦርቦኒካ» ብለህ እንዳትጽፍ። ስሙን ያወጣውን ሊቅ ስም ስትጨምርም ቅንፉን ተመልከት። የኛ የደጋ ቀርከሃ ስም ሲጻፍ ሹማን በቅንፍ ውስጥ፣ ስቴፕልተን ከቅንፍ ውጭ ይሆናሉ፤ ሹማን ከሌላ ወገን ሥር አስቀምጦት ስለነበር ነው፤ ስቴፕልተን በ2013 ኦልዴኒያ ወደሚባል ወገን አዛወረው። ግሜሊን ግን ያለ ቅንፍ ይጻፋል፤ ሣሩ መጀመሪያ ከተመደበበት ወገን አልተነሳማ።

ሰርዶ፦ የደሴቲቱ ሰዎች «ካሉሜ» ይሉታል። ይህስ?

መቃ፦ ፒፓ ማለት ነው፤ አገዳው ለፒፓ ይሆን ስለነበር። ቃሉ በላቲን በኩል ከግሪኩ «ካላሞስ»፣ ማለትም ከመቃ ይወርዳል። የኛ «ቀለም»ም ሥሩ እዚያው ነው፤ መጻፊያው መቃ ስሙን ለሚጻፍበት ነገር አወረሰው። ዝምድናቸው ጥሩ የግርጌ ማስታወሻ ይወጣዋል፤ መግለጫው ውስጥ ግን አታስገባው።

ቆንጥር፦ ይቅርታ፣ ይኼ ቀርከሃ እኮ ነው። ሣር ማለት ምን አመጣው?

ወለላ፦ ቀርከሃም፣ ጤፍም፣ ሸንኮራም ከሣር ቤተሰብ ናቸው። ባለ አንጓ አገዳ፣ አንጓው ላይ ተነስቶ አገዳውን የሚጠቀልል የቅጠል ሥር፣ ዛላ፤ መለያቸው ይህ ነው። «ሣር ቅጠሉ» ስንል ሁሉንም እንጨምር የለ? የዕፅዋት ባለሙያ ደግሞ ሣሩን ከቅጠሉ ይለያል።

ለክፍሎቹ የምመርጠው ይህን ነው። ጠቅላላው ዘንግ «አገዳ»፤ «ግንድ» አይባልም። አገዳውን የሚጠቀልለው «አፎት»፣ አፎቱና ቅጠሉ በሚገናኙበት በውስጥ በኩል የምትቆመው ስስ ሽፋን «ምላስ» (ላቲኑም ትንሽ ምላስ ነው የሚላት)፣ በግራና በቀኝ የሚወጡት «ጆሮ»። አበባ ላይ ስትደርስ ተጠንቀቅ፤ ተርጓሚዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ከታች ያሉትን ባዶ ሽፋኖችም፣ አበባዋን ያቀፈውንም ሁሉንም «ገለባ» ይሉና ይጨርሱታል። በናስቱስ እያንዳንዷ ንዑስ ዛላ ብዙ ባዶ ሽፋንና አንዲት ፍሬያማ አበባ ነው ያላት፤ ሁለቱ ሽፋኖች ከተምታቱ አንባቢው አበባዎቹን ብዙ አድርጎ ይቆጥራል፣ ዕፅ በሚለይበት የጥያቄ ዝርዝር (መለያ ቁልፍ) ሲሄድም ወደ ሌላ ወገን ይደርሳል። «ባዶ ሽፋን» እና «የአበባ ሽፋን» በል። የአበባ ብናኝ የሚሸከሙት ክሮች ደግሞ ስድስት ናቸው፤ በስንዴና በጤፍ ሦስት።

ደጋማው፦ «የአገዳ አፎት» እና «የቅጠል አፎት» ተለይተው ይጻፉ። ቀርከሃ በዋናነት የሚለየው ወጣቱን አገዳ በሚሸፍነው አፎት ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይረግፋል። ቅጠል ያለበት ጭራሮ ብቻ ቆርጦ የመጣ ሰው ናሙናው ብዙ ጊዜ ስም አይወጣለትም። ከአገዳው መካከል አፎት፣ ቅርንጫፎቹ ያልተነኩበት አንድ አንጓ፣ የአገዳው ውፍረትና በሁለት አንጓ መካከል ያለው ርዝመት ያስፈልጋሉ። ቅጠሉ ወዲያው በጋዜጣ መሀል ካልተጫነ ይጠቀለላል፤ ከተጠቀለለ በኋላ ስፋቱን መለካት ከባድ ነው።

መቃ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የቆየ መጽሐፍ ከያዝክ ናስቱስ እስከ ኢንዶኔዥያ ይደርሳል ይልሃል። የእስያዎቹ ዛሬ ክሎታምነስን ወደመሰሉ ሌሎች ወገኖች ተዛውረዋል፤ ናስቱስ የሚለው ስም ለማዳጋስካርና ለሬዩኒዮን ቀርቷል። የወገኑን ስርጭት የምትተረጉምበትን መስመር ከዚህ ጋር አስተያየው።