ሀ ሁን ያንበለብለዋል፣ ጻፍ ሲሉት ይጠፋዋል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሀ ሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ያንበለብለዋል። የቃል ጽሕፈት ሲሆን ግን ጉድ ነው! «ገብስ» ስለው «ገበሰ»፣ «ብርድ» ስለው «በረደ» ብሎ ያመጣልኛል። «ጎ» ጻፍ ካልኩት በጣቱ ገ፣ ጉ፣ ጊ እያለ ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። አባቱ «አስር አስር ጊዜ አስገልብጪው» ይላል። ልጁ ደግሞ ደብተር ሲያይ እንባው ይመጣል። እኔም ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (መምህር፣ ሸዋ ሮቢት)

አይዞሽ እህቴ፣ የብዙ ልጅ ችግር ነው። ልጅሽ ፊደሉን ያውቀዋል። ያልለመደው ቃሉን ነጣጥሎ መስማት ነው። እርሳስ ከመያዙ በፊት በጣቱ ያውጣው። «በርኖስ» በዪውና በዝግታ ይበል፦ በ… ር… ኖ… ስ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጣት። አራት ጣት ከተነሣ አራት ፊደል ይጻፋል። ከዚያ «ኖ ስትል ከንፈርህ ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂው።

እንዳየሁት ልጅሽን ያስቸገረው ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ ብ) ነው፤ ሁሉንም ግዕዝ (አንደኛው፣ እንደ በ) ያደርገዋል። አይፈረድበትም። ካዕብ (ቡ) ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፣ ሳልስ (ቢ) እግሩ ላይ፣ ኃምስ (ቤ) ቀለበት አለው። ሳድስ ግን እንደየፊደሉ ነው። ል፣ ስ፣ ር፣ ን ላይ ምልክቱን ተመልከቺው፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ስለዚህ ሳድስን ለብቻው፣ ከግዕዙ ጋር ጎን ለጎን አስጠኚው፦ በ–ብ፣ ረ–ር፣ ሰ–ስ። ባ እና ቦ ከተምታቱበት ደግሞ እግራቸውን አሳዪው፦ ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው።

ማስገልበጡ እጅ ያደክማል እንጂ ጆሮ አያሠለጥንም። በቀን 5 ቃል ይበቃዋል።

መልስ (አባት፣ አንኮበር)

ዜማው እንደሚሸውድ የኔታም ያውቁታል። ለዚህ እኮ ነው ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ሲበጠስ ዜማው አያወጣውም፤ ፊደሉን ማየት ግድ ይለዋል። ገበታውን ግድግዳ ላይ ስቀዪና በስንደዶ እየጠቆመ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያንብብ። የኔ ልጅ ጣት መቁጠሩን የተወው በዚህ ነው።

መልስ (አክስት፣ መሐል ሜዳ)

መሽቶ ከገባሽ ደብተሩን ተዪው። ሰፌድ ላይ ዱቄት ነስንሺለትና በጣቱ ይጻፍ። ጨዋታ ስለሚመስለው አያለቅስም።

መልስ (አያት፣ ደብረ ሲና)

በእህል አይቀለድም ልጄ! አመድ ወይም አሸዋ ምን አለ? ደግሞ ሲሳሳት ቶሎ «ስህተት ነው» አትበዪው። የጻፈውን መልሶ ያንብብልሽ። «በረደ» ብሎ ሲያነበው ራሱ ይስቃል። ያን ጊዜ «በረደ ሌላ፣ ብርድ ሌላ» ብለሽ ሁለቱንም አጽፊው።

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ አመዱ ይሻላል 😄 አንድ ነገር ልጨምር። «ብርሃን»ን «ብርሀን» ብሎ ይጽፋል። ድምፁ ያው ነው፤ ላርመው ወይስ ልተወው?

መልስ (መምህር፣ ሸዋ ሮቢት)

ሀ እና ሃ በጆሮ አይለዩም፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። በማንበብ ብዛት ዓይን የሚለምዳቸው ናቸው። ለጊዜው ድምፁን ካመጣ «ጎበዝ» በዪውና ከሥሩ በመማሪያ መጽሐፉ አጻጻፍ ጽፈሽ አሳዪው። ነጥብ አትቀንሺበት።

መልስ (አባት፣ አንኮበር)

እኔ እዚህ ላይ ከመምህሩ ትንሽ እለያለሁ። ሌላው ይቆይ፣ የራሱን ስምና የከተማውን ስም ግን ከአሁኑ አስተካክሎ ይጻፍ። በመናኸሪያው በኩል ስታልፉ የመኪኖቹን ታፔላ አስነብቢው፤ «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ፈልጎ ያሳይሽ።