ፓንዴሚክ ላይ ኢቨንት ካርድ መቼ ነው የሚጣለው? ካርቱም አጨቃጨቀችን

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከታናሽ ወንድሜና ከአክስቴ ልጅ ጋር ፓንዴሚክ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ስንጫወት ተጨቃጨቅን። እስካሁን አልተስማማንም።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ወገን ሆኖ አራት በሽታዎችን ይዋጋል። ተራው የደረሰ ሰው 4 ነገር ይሠራል፤ ቀጥሎ 2 ካርታ ያነሳል፤ ከዚያ የኢንፌክሽን ካርታ እየገለጠ በየከተማው የበሽታ ጠጠር ያስቀምጣል። 3 ጠጠር ባለበት ከተማ ላይ አራተኛ ከመጣ ከተማው ይፈነዳል፤ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ፍንዳታ 8 ከሞላ ሁላችንም ተሸነፍን። ኢቨንት ካርድ ደግሞ እጅ ላይ ይዘን ሲጨንቀን የምንጥለው ልዩ የእርዳታ ካርድ ነው።

የሦስቱን በሽታ መድኃኒት አግኝተናል። አንድ ብቻ ቀርቶናል። ፍንዳታ 6 ላይ ነን። ወንድሜ ካርታ ሲያነሳ ሦስተኛው ኤፒደሚክ (በሽታውን የሚያባብሰው ካርታ) ወጣ። ከኢንፌክሽኑ ክምር ሥር ሲስብ ካርቱም ሆነች። አባያችን የሚደርስባት ካርቱም! 3 ቢጫ ጠጠር አስቀመጥን።

ወንድሜ ወዲያው «ሬዚሊየንት ፖፑሌሽን» የሚለውን ካርድ አወጣ። ከተጣሉት የኢንፌክሽን ካርታዎች አንዱን ከጨዋታው ጨርሶ የሚያስወጣው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ «ኤፒደሚኩ ሳያልቅ መሃል መግባት አይቻልም» አለ። ተውነው። የተጣሉትን በውዘን ክምሩ ላይ መለስን።

ኢንፌክሽን መግለጥ ስንጀምር መጀመሪያ የወጣችው ራሷ ካርቱም። ያኔ እኔ ኤርሊፍት (ተጫዋችን ወደፈለጉት ከተማ የሚያደርሰውን ኢቨንት) ጥዬ ኳራንቲን ስፔሻሊስት የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ካርቱም ላደርሳት አልኩ። እሷ ባለችበት ከተማና በጎረቤቶቹ ጠጠር አይቀመጥማ። እኔንም «ካርታው ተገልጧል» ብሎ ከለከለኝ። ካርቱም ፈነዳች። ሌጎስም 3 ይዛ ስለነበር ተከተለች። 8 ሞላ።

ሁለቱም ክልከላ ልክ ነው? ሰሌዳውን አላነሳነውም፤ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረን።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ኢቨንት ካርድ በማንኛውም ጊዜ ይጣላል። በሰው ተራም ቢሆን። ከ4ቱ ድርጊት አይቆጠርም። ስለዚህ አንቺም ወንድምሽም ልክ ነበራችሁ። እኛ ዶርም ውስጥ ሁሌም እንደዚያ ነው የምንጫወተው።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ጣና ዳር፣ ግማሹን ነው ያልከው። ደንቡ «በማንኛውም ጊዜ» ካለ በኋላ አንድ ገደብ ያስቀምጣል፦ ካርታ ተነስቶ፣ የካርታው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ መሃል መግባት የለም። አንድ ካርታ ከተነሳ እስከ መጨረሻው ይፈጸማል። ኢቨንት የሚገባው አንዱ ካርታ አልቆ ሌላው ሳይነሳ ባለችው ክፍተት ነው።

በዚህ መሠረት የአክስትሽ ልጅ በኤርሊፍቱ ላይ ልክ ነው። ካርቱም ከተገለጠች በኋላ ማንንም ማድረስ አይቻልም። ጊዜው ከዚያ በፊት ነበር። ኤፒደሚኩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው የኢንፌክሽን ካርታ ሳይነካ ብትጥዪው ኖሮ ካርቱምም አራቱ ጎረቤቶቿም፣ ማለትም ካይሮ፣ ሌጎስ፣ ኪንሻሳና ጆሃንስበርግ፣ ይጠበቁ ነበር። የሌላ ሰው ምልክት ከሆነች ደግሞ ፈቃዱን ጠይቂ።

በወንድምሽ ካርድ ግን ተሳስቷል። ኤፒደሚክ ሦስት ደረጃ አለው። የኢንፌክሽኑ መጠን ይጨምራል፤ ከሥር ካርታ ተስቦ ከተማው ይበከላል፤ ከዚያ የተጣሉት ተበውዘው ከላይ ይመለሳሉ። ሬዚሊየንት ፖፑሌሽን በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል እንዲጣል በግልጽ ተፈቅዶለታል። ካርዱ ላይ ራሱ ተጽፏል፤ አውጥታችሁ አንብቡት። ትልቁ ጥቅሙም እዚያች ቦታ ላይ ነው። ከሥር ማን እንደወጣ አይተሃል፤ ገና አልተበወዘም። ካርቱምን ብታስወጡ በዚያ ጨዋታ የካርቱም ካርታ ዳግም አይመጣም ነበር። ጠጠር ሊደርሳት የሚችለው ከጎረቤት ፍንዳታ ብቻ ነው።

ይህ ለሌሎቹ ኢቨንቶች አይሠራም። ኤርሊፍትም ፎርካስትም ኤፒደሚኩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

አመሰግናለሁ ዳሞት። ደንቡን አሁን አውጥቼ አየሁት፤ ልክ ነህ። ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።

እንጅባራ

አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ስለሆነ ነው። 2ቱ ካርታ የሚነሳው አንድ ላይ ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ኤፒደሚክ ይሆናሉ። አንደኛውን ሙሉ በሙሉ ጨርሱ። ከዚያ ሁለተኛው ሳይጀመር ኢቨንት መጣል ይቻላል። በሁለተኛው ጊዜ ከተጣሉት መካከል ያለው ያ አዲስ የወጣው ከተማ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቀድመው ተመልሰዋል። ስለዚህ ብቻውን ክምሩ አናት ላይ ይቀመጣል። 3 ጠጠር ይዞ ወዲያው ይገለጣል ማለት ነው። ኢቨንት ካልደረሰለት መፈንዳቱ አይቀርም። እንዲህ ላለው ጊዜ አንድ ኢቨንት በእጅ ማቆየት ይሻላል።

እኛ ቤት አንድ ልማድ አለን። ማንም ካርታ ከመንካቱ በፊት «ላንሳ?» ይላል። ሁሉም «አንሳ» ካላሉ አይነካም። ክፍተቷ ሳትታይ እንዳታልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ ካርዱን አንብቦ አመነ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንድ፦ ኢንፌክሽን መግለጥ ከተጀመረ በኋላ «ዋን ኳየት ናይት» ቢጣል የቀሩት ካርታዎች ይቀራሉ? ሁለት፦ እጄ ላይ 7 ካርታ እያለ 2 ካነሳሁ ኢቨንቶቹም ይቆጠራሉ?

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ለመጀመሪያው፣ አይቀሩም። ካርዱ የሚያስዘልለው *ቀጣዩን* የኢንፌክሽን ዙር ነው። የተጀመረው ዙር እስከ መጨረሻው ይገለጣል፤ የሚዘለለው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተጫዋች ዙር ነው። የዛሬውን ለማዳን ገና አንድም ካርታ ሳይገለጥ መጣል አለበት። ሦስተኛው ኤፒደሚክ ከወጣ በኋላ በየተራው የሚገለጠው 3 ስለሚሆን በዚያ ሰዓት ካርዱ ብዙ ያድናል።

ለሁለተኛው፣ አዎ ይቆጠራሉ። ኤፒደሚክ ከወጣ መጀመሪያ እሱ ይፈጸማል። ከዚያ እጅሽ ላይ ከ7 በላይ ካለ እስኪስተካከል ትጥያለሽ። ከመጣል ይልቅ ግን ኢቨንቱን እዚያው መጠቀም ትችያለሽ። ዝም ብሎ እንዳይባክን።

ኳራንቲን ስፔሻሊስት ካለቻችሁ የያዛችሁት እ.ኤ.አ. የ2013 እትም ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ነው። በ2008ቱ የመጀመሪያ እትም እሷ አልነበረችም። ስለዚህ ያልኩት ሁሉ ከደንብ መጽሐፋችሁ ጋር ይገጥማል።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ገባኝ። ሦስታችንም ተስማምተናል። ጠጠሮቹን ከመበወዙ በፊት ወደነበረው እየመለስን ነው። ፍንዳታም ወደ 6 ተመለሰ። ወንድሜ ካርዱን ይጥላል፤ ካርቱም ትወጣለች፤ ማታ ከዚያ እንቀጥላለን።