የጥጃ ጃኬት 70 ነው 80 የሚሻለው?

የሱሉልታው
ሰላም ቤተሰብ፣ ሱሉልታ ነኝ፣ 3 ክልስ ላሞች አሉኝ አንዷ ከወለደች ዛሬ 4ኛ ቀኗ ነው። የታህሳስን ብርድ የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ሳሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው፣ ሌሊት ጥጃዋ ስትንቀጠቀጥ አይቼ አንጀቴ አልቻለም። አማቼ ከውጭ ሊመጣ ነውና የጥጃ ጃኬት ላምጣልህ አለኝ፣ ግን 70 እና 80 የሚል ነው ያለው፣ ኪሎ ይሁን ምን ይሁን ሁለታችንም አልገባንም። እኔ 80ውን ይዞ ይምጣና እያደገች ትልበሰው ብያለሁ እንደ ተማሪ ዩኒፎርም 😄 ምን ትላላችሁ?

በረት ጠባቂ
ኧረ 80ውን ተው ወንድሜ! ቁጥሩ ሴንቲሜትር ነው፣ የጀርባዋ ርዝመት። የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስና ቀጥ ብላ ስትቆም ከሻኛዋ ቦታ እስከ ጅራቷ መነሻ ለካት፣ በእድሜ አትሂድ የኛ ክልሶች ሲወለዱ አንዷ 25 ኪሎ አንዷ 35 ትሆናለች። እኔም አምና እንዳንተ አስቤ ትልቁን አልብሼ ነበር፣ ጥጃው ሲተኛ ጃኬቱ ዞሮ ሆዱ ስር ገባ፣ ሊነሳ ሲል እግሩ ተጠላልፎ በረቱ መሀል ተዘርግቶ አገኘሁት። ከኋላም ጅራቱን አልፎ ስለወረደ እበት በእበት ሆነ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ማሰሪያውም ስሩ መዳፍህን ጠፍጣፋ አድርገህ የሚያስገባ ይሁን፣ ቶሎ ስለሚያድጉ በየሳምንቱ አላላላት አለዚያ ብብቷን ይልጣታል።

እማማ ወተት
ጃኬት ጃኬት ከማለትህ በፊት ጭዱስ እንዴት ነው ልጄ? ስትተኛ እግሯ ጭድ ውስጥ ገብቶ መታየት የለበትም። በጉልበትህ ተንበርከክበት፣ ሱሪህ ከረጠበ እሷም ረጥባ ነው የምታድረው። የጭድ ዋጋ እንደሆነ አታንሱብኝ ግን ምን ይደረግ። ወተቷንም በብርድ ጊዜ ጨመር አድርግላት፣ 3 ሊትር የምትጠጣ ከሆነ ግማሽ ሊትር ጨምር። እኔ ከድሮ ብርድ ልብስ ነው የምሰፋላቸው፣ የማዳበሪያ ከረጢት ግን አትሞክር ያልባቸዋል።

ሰንዳፋ ቬት
እማማ ልክ ናቸው፣ ጃኬት የጭድ ምትክ አይደለም። ግን ከ3 ሳምንት በታች ያለች ጥጃ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን የጠጣችውን ሰውነቷን ለማሞቅ ነው የምታቃጥለው፣ ለእድገት የሚተርፋት ያንሳል፣ ስለዚህ እኛ አካባቢ ሌሊት ሌሊት ይጠቅማታል። ወንድም፣ ቀን ላይ አውልቅላት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ያስልባትና ማታ ያ ላብ ራሱ ያበርዳታል። እጅህን ከስር አስገብተህ እርጥብ ከሆነ ያለ ጃኬት ብታድር ይሻላል። ደግሞ ሳይታጠብ ወደ ሌላ ጥጃ አታስተላልፍ።

የሱሉልታው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለካሁ፣ 67 ወጣ፣ ለአማቼ 70ውን ብዬ ደወልኩለት። ጭዱ ላይ ተንበርክኬ ግን እማማ እንዳሉት ሱሪዬ ረጠበ 🙈 አሁን ጭዱን እየቀየርኩ ነው፣ ሜትሩንም ጫፉን አኝካብኛለች የሰው ነበር።