የአካባቢ ሰብሎች ለሕፃናት አመጋገብ፦ በጋራ ፕሮጀክት ረቂቃችን ላይ የተደረገ ውይይት

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የረቂቁ ዋና ግብ «ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ ዳጉሳና ቦሎቄ ለገጠር ቤተሰቦች ማዳረስ» ይላል። ለረጂው ከመላካችን በፊት መለወጥ አለበት የምትሉትን እንድታመለክቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
የሰብሎቹ ምርጫ መልካም ነው፤ ዳጉሳ በካልሲየም፣ ብርቱካናማው ስኳር ድንች ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚለውጠው ቤታ ካሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ማዳረስ በራሱ ግብ ተደርጎ መጻፉን ግን አልስማማበትም፤ ምርቱ ተትረፍርፎ ሁሉም ለገበያ ቢወጣ መቀንጨር ባለበት ይቀጥላልና። ግቡ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር የሆኑ ሕፃናት በአንድ ቀን ውስጥ ከ8ቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን እንዲያገኙ በሚለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ይቀረጽ። የመነሻና የማጠቃለያ ጥናቶቹም በተመሳሳይ ወቅት ይካሄዱ፤ አለበለዚያ የመኸርን ጥጋብ የፕሮጀክቱ ውጤት አድርገን ልንቆጥር እንችላለን።

የምግብ አዘገጃጀት ሥልጠናው በአንድ መስመር ብቻ መታለፉም ያሳስበኛል። ቤታ ካሮቲን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከቅባት ጋር ሲበላ ስለሆነ፣ ተቀቅሎ በተፈጨው ስኳር ድንች ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በቦሎቄና በዳጉሳ ውስጥ ያለውን ብረት ፋይቴት የተባለ በራሳቸው በእህሎቹ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ቦሎቄውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ዳጉሳውንም አብቅሎ መፍጨት ይህን እስር ያላላል። እናቶች እነዚህን በእጃቸው ሠርተው እንዲያዩ ቢደረግ ከማንኛውም በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

የዘር ብዜት ባለሙያ፦
በባልደረባዬ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በእኔ በኩል የማነሳው አንድ ነገር ነው። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረግ ቁራጭ ስለሆነ፣ በደረቁ ወራት ሐረጉ ከጠፋ ገበሬው በሚቀጥለው ዝናብ የሚተክለው አይኖረውም፤ እኛም በየዓመቱ እንደ አዲስ ስናከፋፍል እንኖራለን። ጤናማ ሥሮችን መርጦ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ማቆየትና ዝናብ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ በመስኖ ተክሎ ሐረግ ማስወጣት የተፈተነ ዘዴ ነው። ለዚህ ሥራ ውሃ አጠገብ ማሳ ያላቸው ሴቶች ቢመረጡ፣ ሐረግ ሸጠው ገቢም ያገኛሉ።

አስተባባሪ፦
ሁለቱም ሐሳቦች ተቀባይነት አግኝተዋል። ለማከፋፈያ ከተያዘው በጀት ከፊሉ ወደ ሐረግ ብዜትና ወደ አዘገጃጀት ሥልጠና ይዛወራል፤ የሒሳብ ክፍላችን የተስተካከለውን ሠንጠረዥ እንዳቀረበ ግቡን በአዲሱ መለኪያ ጽፌ ለፊርማ እልክላችኋለሁ።