ፓምፑ ሲነሳ አርዱዪኖው ሪሴት ያደርጋል፤ ለሴት ተማሪዎች ክበብ እርዳታ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ከ9ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ጋር የጓሮ አትክልት የሚያጠጣ መሣሪያ እየሠራን ነው፤ አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ የአፈር እርጥበት ሴንሰር፣ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ። ሪሌዩ ፓምፑን ባስነሳ ቁጥር አርዱዪኖው ሪሴት ያደርጋል፤ ማለትም ኮዱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፓምፑ ተነቅሎ ሪሌዩ ብቻውን ሲሠራ ግን ሰላም ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኮዱ አይደለም፤ ይህን ለልጆቹ በተግባር ማሳየት ትልቅ ነገር ነው፣ መሣሪያ እምቢ ሲል «እኔ አልችልም» ብለው የሚተዉ አሉና።

ፓምፑ የራሱ ባትሪ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ንረት የሚያስቀር 1ኤን4007 ዳዮድ በፓምፑ ጫፎች ላይ፣ ካቶዱ (መስመር ያለበት ጫፉ) ወደ ፖዘቲቭ፣ ተገጥሟል፤ በ5 ቮልቱ መስመር ላይም የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚያለዝብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። የቀረው ጥርጣሬ የሞተሩ ብሩሽ ኖይዝ (በብሩሾቹ ብልጭታ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው፤ የፓምፑና የሴንሰሩ ሽቦ ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት። በሞተሩ ጫፎች ላይ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር መበየድ ይበቃል? ወይስ የጄዲ-ቪሲሲ ጃምፐሩን (የሪሌዩን ኃይል ከአርዱዪኖው 5 ቮልት ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ መሰኪያ) ነቅለን ለሪሌዩ የተለየ 5 ቮልት መስጠት ግድ ነው?