የባምበርግ ጉዞ ረቂቅ፦ የት እንቀመጥ? ስንት ቤትስ ይበቃናል?

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮው የማኅበራችን የአንድ ቀን ጉዞ ባምበርግ እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። የቀረን ዝርዝሩ ነው። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። የእኔን ረቂቅ መነሻ አድርጉት፤ ያልጣማችሁን አውጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ።

ከኑርንበርግ ቅዳሜ ጠዋት በክልል ባቡር እንነሳለን። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተጨዋውተን ሳንጨርስ እንደርሳለን። ባምበርግ 80 ሺህ ሰው የማይሞላባት ከተማ ናት። ግን አሮጌው ክፍሏ እ.ኤ.አ. በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቢራ የሚጠምቁ የቤተሰብ ቤቶቿም ዛሬም በራቸው ክፍት ነው።

እኔ ያሰብኩት ሦስት ቤት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሽፔትሲያል፣ ቀጥሎ ሽሌንከርላ፣ ማታ ደግሞ ኮረብታው ላይ ካሉት የቢራ ጓሮዎች አንዱ። ሦስት ብቻ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ መጀመሪያ ግን እናንተን ልስማ።

የወጣቶች ተጠሪ

ጸሐፊያችን፣ ረቂቁ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛ፣ እኔና ጓደኞቼ ክራፍት ቢራ ስንል በየጊዜው አዲስ ነገር የሚሞክሩትን፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸቱትንና መራራዎቹን ነው። የ500 ዓመት ቤት ክራፍት ይባላል? ሁለተኛ፣ ከተማው ውስጥ ወደ አሥር የሚጠጉ ጠማቂዎች ካሉ ለምን ሦስት ብቻ? እየተዘዋወርን ሁሉንም ብንቀምስስ? እዚያ ድረስ ሄደን ሳናይ መመለስ ይቆጨኛል።

ባምበርግ የምኖረው አባል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የገባ ነው። እኔም ስመጣ እንደዚያው አስቤ ነበር። ግን ክራፍት ማለት በትንሽ መጠን፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚጠምቀው ከሆነ ባምበርግ ቃሉ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበረች። ሽፔትሲያል ከ1536 ጀምሮ ነው። ክሎስተርብሮይ 1533፣ ፌስላ 1649። ሽሌንከርላ ያለበት ቤት ስሙ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው በ1405 ነው። ባቫሪያ በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (የነሱ ጌሾ በሉት) እና ከውኃ በቀር ሌላ አይግባበት ብላ ስትደነግግ ባምበርግ ተመሳሳይ ሕግ ካወጣች 27 ዓመት አልፏት ነበር፤ የሷ የ1489 ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጭሱ ቢራ አለ። ራውኽቢር ይሉታል። ድሮ የበቀለው ገብስ የሚደርቀው በእንጨት እሳት ስለነበር ብቅል ሁሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር። በኋላ ጭሱ ብቅሉን ሳይነካ የሚያደርቅ ምድጃ መጣና ዓለም ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል ግን አልተዉትም። ዛሬም ብቅላቸውን ራሳቸው በጥድ ወይም በከሰል ሳይሆን በቢች እንጨት እሳት ያጥኑታል። ይህን አዲስ የቢራ ባር ውስጥ አታገኘውም።

የቤቶቹን ብዛት በተመለከተ ግን የእኔ ድምፅ ከጸሐፊዋ ጋር ነው። እዚህ አንድ ቢራ ማለት ግማሽ ሊትር ነው። ዛይድላ ይሉታል፤ የእኛ ጃምቦ በሉት። አሥር ቤት ማለት አምስት ሊትር ነው። ያ ቅምሻ አይደለም።

እትዬ (የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ)

ልጆቼ፣ ስለ ጭሱ አንድ ነገር ልበል። የዛሬ አራት ዓመት ልጄ ይዛኝ ሽሌንከርላ ገባሁ። ጥቁር ነው፤ አረፋው ወፈር ያለ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ሽታው ቀደመኝ። እጄን መለስኩት። ልጄ «አልወደድሽውም?» አለችኝ። አልነበረም። እናቴን ነው ያየሁት።

እናቴ ጠላ ልትጥል ስትል ጋኑን አጥባ ታደርቅና የወይራ ፍም ላይ አፉን ደፍታ ታጥነው ነበር። ጭሱ እንዳይወጣ ዙሪያውን በጨርቅ ትጠቀጥቀዋለች። ስታነሳው የጋኑ አንገት ሞቅ ብሎ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል። እኔ ራሴን ከትቼ አሸት ነበር። «ተይ አይንሽን!» ትለኛለች። ያ ሽታ ነው ከ40 ዓመት በኋላ ባምበርግ ያገኘኝ።

አንድ አይደሉም፤ ይህንን አውቃለሁ። እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን ነው፤ እኛ ጋኑን። እነሱ ሆፕ፣ እኛ ጌሾ። የእኛ አሻሮ የሚቆላው ምጣድ ላይ ነው። ግን እህል፣ እሳትና ጭስ ያው ነው። ለዚህ ነው ሄደን መቀመጥ አለብን የምለው። ሮጠን መውጣት የለብንም።

የወጣቶች ተጠሪ

እትዬ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ምን እላለሁ። አሥሩን ትቻለሁ። ግን አራት እናድርገው? ፌስላ ከሽፔትሲያል ፊት ለፊት ነው አይደል? መንገድ መሻገር ብቻ ነው።

ባምበርግ የምኖረው አባል

አዎ፣ ሁለቱም ኦበረ ኮኒግሽትራሰ ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ከባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ሁለቱን በአንድ ጠዋት አትድፋቸው። ለሚፈልግ በምርጫ ይግባ። ቡድኑን በሙሉ አናስገድድ።

ስለ ቅደም ተከተሉም ልናገር። ጸሐፊዋ ሽፔትሲያልን ማስቀደሟ ትክክል ነው። የሽፔትሲያል ጭስ ለስለስ ያለ ነው። ላገሩ ያልለመደ ምላስ በሱ ይጀምራል። ሜርሰን የሚባለው የሽሌንከርላ ቢራ ደግሞ ጠንከር ያለ ነው፤ 5.1 ከመቶ አልኮል፣ ጭሱም ይይዛል። ከሱ በኋላ ለስላሳውን ብትቀምሱት ውኃ ውኃ ይላችኋል። እዚህ ሰዎች የጭስ ቢራ ጣዕም የሚገባው ሦስተኛው ዛይድላ ላይ ነው ይላሉ። እኔ አንዱን ቀስ ብሎ መጠጣት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሽሌንከርላ ስትገቡ ቢራው ከእንጨት በርሜል በራሱ ክብደት ሲወርድ ታያላችሁ። በጋዝ የሚገፋ አይደለም። መቀመጫ ካጣችሁ ኮሪደሩ ላይ ካለው መስኮት ተቀብላችሁ ደጅ ቆሞ መጠጣት የተለመደ ነው።

ገንዘብ ያዥ

እኔ እንግዲህ የሒሳቡን ልያዝ። የባቫሪያ የቀን ትኬት እስከ አምስት ሰው በአንድ ላይ ይይዛል፤ ቅዳሜ ደግሞ የጠዋት ገደብ የለውም። የጀርመን ወርሃዊ ትኬት ያላችሁ በሱ መሄድ ትችላላችሁ፤ እናንተን ከቡድኑ ትኬት አወጣለሁ። እስከ ረቡዕ ማን ወርሃዊ እንዳለው ጻፉልኝ፤ ቀሪዎቻችሁን አምስት አምስት አድርጌ እመድባለሁ።

ለቢራና ለምግብ ማኅበሩ አይከፍልም፤ ሁሉም የራሱን። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በነዚህ አሮጌ ቤቶች በካርድ ተማምኖ መግባት አያዋጣም።

አባል (የሁለት ልጆች እናት)

እኔ ያላችሁትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ግን ረቂቁ ውስጥ የማይጠጣ ሰው የለም። እኔ አልጠጣም። ልጆች አሉ። ሙስሊም አባላትም አሉን። ምግቡስ? የፍራንኮኒያ፣ የዚህ አካባቢ ማለቴ ነው፣ ምግብ ከላይ እስከ ታች አሳማ ነው። የታወቀው የባምበርግ ሽንኩርት እንኳን ውስጡ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ ሄደን ግማሾቻችን ደረቅ ዳቦ በልተን ተመልሰናል። ዘንድሮ እንዳይደገም።

ሰብሳቢ

ልጄ ትክክል ናት። ይህ በረቂቁ አናት ላይ መግባት ነበረበት። ማኅበሩ የጠጪዎች ብቻ አይደለም።

እኔ ለማይጠጡት ካቴድራሉን አቀርባለሁ። ንጉሠ ነገሥት ሄንሪክ 2ኛና ሚስቱ ኩኒጉንደ እዚያ ነው ያረፉት። የጳጳስ ክሌመንት 2ኛ መቃብርም እዚያው ነው፤ ከአልፕስ ተራሮች ወዲህ የሮም ጳጳስ የተቀበረው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወርዶ በሬግኒትስ ወንዝ መሀል፣ ድልድይ ላይ የተሠራውን አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ማየት ነው። እንዲያውም ይህ ለሁሉም ይሁን። ከሽፔትሲያል ወጥተን ወደ ሽሌንከርላ ስንሄድ መንገዳችን ላይ ነው።

ባምበርግ የምኖረው አባል

የምግቡን ጉዳይ የቢራ ጓሮው ይፈታዋል ብዬ አምናለሁ። ታሪኩን ላውጋችሁ። ማቀዝቀዣ ሳይኖር በፊት ጠማቂዎች ኮረብታው ሥር በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ዋሻ ቆፍረው ቢራቸውን እዚያ ያሳርፉ ነበር። ከላዩ ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ያለው ዛፍ ተከሉበት። ከጥላው ሥር ወንበር ተደረገ። ለዚህ ነው የባምበርግ ሰው ምድር ቤት «ውስጥ» እንግባ የማይለው፤ ምድር ቤቱ «ላይ» እንውጣ ነው የሚለው።

በ1812 የባቫሪያው ንጉሥ የሙኒክ ጠማቂዎች በእንዲህ ያሉ ጓሮዎቻቸው ቢራ እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ከዳቦ በቀር ምግብ ግን ከለከለ። ስለዚህ ሰው ምግቡን ከቤቱ ይዞ መምጣት ለመደ። ልማዱ በባቫሪያ ብዙ ጓሮዎች ዛሬም አለ። ስለዚህ እንጀራችንን ይዘን ብንወጣ ከአገሩ ባህል አልወጣንም።

ሁሉም ጓሮ ግን አንድ ዓይነት ደንብ የለውም። እኔ ሁለቱን፣ የሽፔትሲያልን ኬለር (ምድር ቤት ማለት ነው፤ ጓሮውንም እንዲሁ ይሉታል) እና ቪልደ ሮዘን፣ ደውዬ እጠይቃለሁ። ከሽፔትሲያል ኬለር ከተማው ከነካቴድራሉ ፊት ለፊት ይታያል። ለማይጠጣ የአፕል ጭማቂ በጋዝ ውኃ የተበረዘ በየቦታው አለ። አቀበት ነው፤ ጉልበት የሚያመው ካለ ይንገረኝ፣ በመኪና አደርሳለሁ።

አባል

እኔ ከደረሰብኝ ልንገራችሁ። አምና ሰባት ሆነን ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። ዝናብ ነበር። በሩ ላይ «ሩሄታግ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የዕረፍት ቀናቸው ነው ማለት ነው። እዚህ አገር የቤተሰብ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንዳንዱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይሠራም። ስለዚህ ሦስቱንም ቤት አስቀድሞ መደወልና ጠረጴዛ መያዝ በረቂቁ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ድጋፌን እነፍጋለሁ።

እትዬ (የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ)

ቀኑስ? ነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ አይሆንም።

ባምበርግ የምኖረው አባል

ከፍልሰታ ማግስትም አይሆንም እትዬ። በፈረንጆቹ ኦገስት መጨረሻ ዛንድኬርቫ አለ፤ ከ1951 ጀምሮ የሚደረግ የከተማው ትልቅ በዓል ነው። ደስ ይላል፤ ግን 30 ሰው ሆኖ መቀመጫ ማግኘት ዘበት ነው።

ጸሐፊ (የተሻሻለ ረቂቅ)

እግዜር ይስጥልኝ። ያላችሁትን ሁሉ እንዲህ አሰናድቼዋለሁ።

«ማኅበሩ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ባምበርግ ይጓዛል። ጉዞው ለሚጠጡም ለማይጠጡም፣ ለልጆችም ነው። ጠዋት ሽፔትሲያል አንድ አንድ ቢራ ወይም ለስላሳ፤ ፌስላ ለፈቀደ። ከዚያ በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት በኩል ካቴድራሉን እንጎበኛለን። ከሰዓት በኋላ ሽሌንከርላ። አመሻሹ ላይ የቢራ ጓሮ፤ የራስን ምግብ ማስገባት የፈቀደው ይመረጣል። የሦስቱም ቤት ሰዓትና ጠረጴዛ ከሁለት ሳምንት በፊት በስልክ ይረጋገጣል። ዝናብ ከሆነ ጓሮው ቀርቶ ክሎስተርብሮይ እንገባለን።»

ሦስት ቤት ብቻ ያልኩበትን ምክንያት እትዬ ቀድመውኝ ተናግረውታል። የምጨምረው የለኝም።

የወጣቶች ተጠሪ

እደግፋለሁ። እኛ ወጣቶቹ ዕቃ እንሸከማለን፤ አቀበቱን ለኛ ተዉት።

እትዬ (የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ)

ቅዳሜ ስለሆነ የፍስክም የጾምም አዘጋጃለሁ፤ ምስርና ጎመን፣ አይብና ድፎ ዳቦ። ድፎውን የሚደፋልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ ምድጃዬ ትንሽ ናት።

አባል (የሁለት ልጆች እናት)

ድፎው በኔ ይሁን እትዬ። ሁለት እደፋለሁ።